የላባው ወር

ባዶ ነው ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በሌላ ሰው ላላክከው የምችለው ነገር ስላልሆነ ከመጀመሪያው ልናገረውና ይውጣልኝ። ቅጹ ላይ «በውሃው ላይ የሚገኙ ዳክዬዎች ብዛት» ከሚለው ፊት ለፊት በማይለቅ ሰማያዊ ቀለም አንድ ክብ ዜሮ አስቀመጥኩ፣ ፈረምኩ፣ ማኅተም መታሁበት። በዚያ ወረቀት ምክንያት ማክሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የግድቡ በር ተከፍቶ ሐይቁ መፍሰስ ጀመረ።

ሥራዬ ዳክዬ መቁጠር ነው። ይህን ስል ሰው ይስቃል። ታናሽ እህቴ እንኳ ለሰው ስታስተዋውቀኝ «የውሃ ባለሙያ ናት» ትላለች እንጂ ደፍራ ዳክዬ ትቆጥራለች ብላ አታውቅም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በወር ሁለት ጊዜ፣ ሐይቁ ዳር በቆመው የእንጨት ማማ ላይ ወጥቼ፣ ቴሌስኮፔን ተክዬ፣ በግራ እጄ ጠቅ ጠቅ የምትለዋን የብረት መቁጠሪያ ይዤ ቆጥሬያለሁ። ሐይቅ ይባል እንጂ ግማሹ ረግረግ ነው፤ መሃሉ ገላጣ ውሃ፣ ዳር ዳሩ ሰው ቢገባበት የማይታይ ሸምበቆና ፊላ። ከማማው ላይ ገላጣው ውሃ አንድ ሳይቀር ይታየኛል። ሸምበቆው ውስጥ ያለውን ግን ማንም አያይም፤ የቆጠራው ደንብ ደግሞ ያየኸውን ብቻ ጻፍ ይላል። እኔ ደንብ አክባሪ ነኝ። ይህን በኩራት ስናገረው ኖሬያለሁ።

የምቆጥረው ዳክዬ ዓይነ ነጭ ይባላል። ሰውነቱ ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ፣ ጭራው ሥር ነጭ፣ የወንዱ ዓይን ደግሞ ወተት የመሰለ ነው፤ ሁልጊዜ አንድ ነገር የደነቀው ይመስላል። ውሃው በረዶ ከሚሠራበት ከሩቅ ሰሜን እየበረረ ይመጣና ብርዱን እኛ ዘንድ ያሳልፋል። ስምንት መቶ፣ በጥሩ ዓመት ዘጠኝ መቶ ይሆናል፤ በየአገሩ እየተመናመነ ላለ ዘር ይህ ትልቅ ቁጥር ነው። ሙቀት ሲገባ ይሄዳል። ዳክዬ እንደ ሌላው ወፍ የክንፍ ላባውን አንድ አንድ እያለ አይለውጥም፤ በዓመት አንዴ ጠቅላላውን ይጥለውና አዲሱ እስኪያድግ ሃያ አምስት ቀን ያህል መብረር የማይችል ፍጡር ሆኖ ይከርማል። ይህን የሚያደርገው በሄደበት አገር ነው ብዬ አምን ነበር። ማመን ብቻ አይደለም፤ ማማውን ሊጎበኝ ለመጣ ሰው ሁሉ አፌን ሞልቼ አስረዳ ነበር።

ግድቡ የአፈር ግድብ ነው። ከሥሩ አንድ መንደር ተቀምጧል፤ የእህቴ ቤት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነው። ባሏ የግድቡ መሐንዲስ ነው። እኔ ለማብሸቅ «ኢንጅነር» እለዋለሁ፣ እሱ «እትዬ» ይለኛል። ከበሩ መከፈት አንድ ሳምንት በፊት ቢሮው አስጠርቶኝ፣ ጠረጴዛው ላይ ካርታ ዘርግቶ፣ ግድቡ ከእግሩ ማላብ እንደጀመረ ነገረኝ።

«ማላብ ማለት?»

«ውሃ ያሰርጋል። መጀመሪያ እርጥበት ብቻ ነበር፤ አሁን የእህትሽ ጓሮ ጭቃ ሆኗል። ከአራት ሳምንት በኋላ ዝናቡ ይገባል። ሐይቁ እንደሞላ ዝናብ ከመጣበት እኔ እዛ ቤት ውስጥ አላድርም።»

«ስለዚህ ውሃውን ልታወርደው ነው።»

«ሁለት ሜትር ተኩል። ማክሰኞ እከፍታለሁ፣ ሐሙስ ማሽኑ ይገባል፣ በአሥር ቀን ተቆፍሮ ይጠቀጠቃል። የቀረኝ ያንቺ ወረቀት ብቻ ነው። ዳክዬ ካለ ከዋናው መሥሪያ ቤት አይፈቅዱልኝም።»

«በዚህ ወር ዳክዬ የለም» አልኩት። ለማሰብ እንኳ አልቆምኩም። በማግስቱ ለደንቡ ያህል ማማው ላይ ወጣሁ፣ ገላጣውን ውሃ ከዳር እስከ ዳር ቃኘሁ፣ ወረድኩ፣ ጻፍኩ።

ማክሰኞ አንድ ሰዓት ላይ ወደ በሩ የሄድኩት ሥራ ኖሮኝ አይደለም፤ ለወሬ ነው። የበር ጠባቂው ጋሼ መፍቻ ውሃው ፊት ቆመው ነበር። መፍቻ ቅጽል ስማቸው ነው፤ ክንድ የሚያህል የብረት መፍቻ በትከሻቸው ሳይዙ ታይተው ስለማያውቁ ሁሉም እንዲያ ይላቸዋል። በሩን የሚያዞሩት እሳቸው ናቸው፤ ከበሩ ፊት የተተከለውን የብረት ፍርግርግ አረም እንዳይዘጋው በመንሽ የሚጠርጉትም እሳቸው ናቸው። እኔ ከመቀጠሬ በፊትም እዚያው ነበሩ። ከሰላምታ ያለፈ ወሬ ግን አልነበረንም፤ እኔ ማማ ላይ፣ እሳቸው ፍርግርግ ሥር።

«ዛሬስ በዝቷል» አሉኝ መንሻቸውን እያነሱ።

ከአረሙ ጋር ተጠቅልሎ የወጣው ነገር መጀመሪያ ደረቅ ቅጠል መሰለኝ። ጎንበስ ብዬ አንዱን አነሳሁ። ላባ ነበር። ስስ የደረት ላባ አይደለም፤ ረጅም፣ ጠንካራ፣ ነጭ መስመር ያለበት የክንፍ ላባ። ሌላ አነሳሁ። ደግሞ ሌላ። ጫፋቸው ያረጀ፣ ሥራቸው ንጹሕ ነው፤ ማንም የነቀላቸው ሳይሆኑ ጊዜያቸው ደርሶ የወደቁ ናቸው። ከጎን ያለውን ክምር አየሁት፣ ግማሹ ላባ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚመጣው?»

«ምኑ፣ ላባው?» ግራ ገባቸው። «የላባው ወር አይደል እንዴ። በየዓመቱ በዚህ ወር ይመጣል። አምና ሦስት ጆንያ ሞልቶልኝ ነበር።»

«በየዓመቱ?»

«በየዓመቱ። አንቺማ ታውቂዋለሽ ብዬ ነው እኮ። አንዴም ልነግርሽ...»

አላስጨረስኳቸውም። ስልኬን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ዳክዬዎቹ ሁሉም አይሄዱም ነበር ማለት ነው። መብረር በማይችሉበት ወር ሸምበቆው ውስጥ ተሸሽገው ይከርማሉ፤ እኔ ደግሞ በዚያው ወር ገላጣውን ውሃ እያየሁ በየዓመቱ ዜሮ እጽፋለሁ። አሁን ውሃው በሰዓት አራት ጣት እየወረደ ነው። ነገ ሸምበቆው ሥሩ ድረስ ይደርቅና እነሱ ያለ ክንፍ ጭቃ ላይ ይቀራሉ።

«ኢንጅነር፣ በሩን ዝጋው» አልኩት።

«እንደምን አደርክ ይባላል።»

«ዳክዬ አለ። ሸምበቆው ውስጥ አለ። ዝጋው።»

«ቢኖርስ? ወፍ አይደል እንዴ፣ ተነስቶ ይሄዳላ።»

«አይችልም። ላባውን ጥሏል። ሃያ አምስት ቀን ሳይሞላ አንዱም ከውሃ አይነሳም።»

ከኋላው የማሽን ድምፅ ይሰማል። «እትዬ፣ ወረቀትሽ እጄ ላይ ነው። ዜሮ ይላል።»

«ተሳስቻለሁ።»

«መጣሁ» አለና ዘጋው።

እስኪደርስ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ። በዚያ መሃል ከሐይቁ ዳር አምስት እርምጃ የሚሆን አዲስ ጭቃ ብቅ ብሎ ነበር፤ ጭቃው ላይ ደግሞ የሰፈር ውሾች። ሰባት ወይም ስምንት ይሆናሉ። ማን እንደነገራቸው እግዜር ይወቅ፤ አፍንጫቸውን ወደ ሸምበቆው አድርገው ወዲያና ወዲህ ይላሉ። እኔ ድንጋይ እየወረወርኩ ነበር፤ አንዱንም አልመታሁም።

ኢንጅነሩ ከመኪናው ሲወርድ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። አፉን ሳይከፍት አንድ ውሻ ከሸምበቆው ወጣ፤ አፉ ውስጥ የሚወራጭ ነገር ይዟል። ጋሼ መፍቻ መፍቻቸውን አውርደው ሲሮጡበት ጥሎት ሸሸ። ሄጄ አነሳሁት። ዓይነ ነጭ ነው፣ ወንድ፣ አንድ እግሩ ተሰብሯል፣ ልቡ መዳፌ ውስጥ ይደልቃል። ምንም ሳልናገር ኢንጅነሩ እጅ ላይ አስቀመጥኩትና ክንፉን ዘረጋሁለት። ረጅሙ ላባ መኖር በነበረበት ቦታ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያጠሩ ሰማያዊ እንቡጦች ብቻ ተደርድረዋል።

«ይኸውልህ ተነስቶ የሚሄደው» አልኩት።

ኢንጅነሩ አየው። ዳክዬውም በዚያ በተደነቀ ዓይኑ አየው።

«ስንት ናቸው?»

«አላውቅም።»

«አንቺ አታውቂም?»

«አላውቅም አልኩህ።» ይህን ቃል በሥራዬ ላይ ተናግሬው አላውቅም ነበር።

ዳክዬውን ቢጫ ሄልሜቱ ውስጥ አስቀመጠውና ወገቡን ይዞ ግድቡን አየ፣ ቀጥሎ መንደሩን አየ። «ብዘጋው ስንት ቀን ልጠብቅ?»

«ሃያ አምስት።»

«ዝናቡ በሃያ አንድ ቀን ይገባል። ማሽኑ ለአሥር ቀን ብቻ ነው የተሰጠኝ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ግድብ ይሄዳል። እትዬ፣ ልጆቼን እኮ እዛ ነው የማስተኛቸው።»

እውነቱን ነው። የእህቴ ልጆች አልጋ ከዚያ ከሚያልበው አፈር ሰላሳ እርምጃ አይርቅም፤ እኔ ራሴ ነኝ ተረት እያወራሁ የማስተኛቸው። የውሻው ጥርስ በአንድ በኩል፣ የልጆቹ አልጋ በሌላ በኩል፣ መሃል ላይ የእኔ ፊርማ።

«የሰሜኑን ኩሬ ብትዘጉትስ?» አሉ ጋሼ መፍቻ። ሁለታችንም ዞር አልን። «ድሮ ዓሣ ይረባበት የነበረውን። ከሐይቁ የሚለየው ያ ዝቅተኛ የአፈር ክትር አለ አይደል፣ ክፍተቱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያሳልፍ ነው። ጣውላ ይገባበታል። ጣውላዎቹ አሁንም መጋዘን ውስጥ አሉ። ኩሬው ሸምበቆ ሞልቶታል፣ ምንጭም ይገባበታል። እሱን ዘግታችሁ ሌላውን አፍስሱት።»

«ዳክዬዎቹስ?» አለ ኢንጅነሩ።

«ግማሾቹ እዛው ናቸው፣ አውቃለሁ። የደቡቡን ሸምበቆ ግን ነድተን ማስገባት ነው።»

«ዳክዬ ይነዳል?»

«የማይበርማ ምን ያደርጋል፣ ይዋኛል።»

ኢንጅነሩ ሰዓቱን አየ። «እስከ አሥር ሰዓት እዘጋለሁ። አሥር ሰዓት ላይ ገቡም አልገቡም እከፍታለሁ፤ ሐሙስ ማሽኑ ደረቅ መሬት ካላገኘ ያለቀልን ነው። ግን የተፈቀደ ሥራ ላቆም ነውና ባዶ እጄን አላቆምም። ጻፊልኝ።»

የመኪናው ኮፈን ላይ ወረቀት ዘርግቼ መጻፍ ጀመርኩ። «ባለፈው ሳምንት በፈረምኩት ቅጽ ላይ የሰፈረው ቁጥር ስሕተት ነው» ብዬ ቆምኩ። ብዕሩ አልሄድ አለኝ። ስሕተት የሆነው የዘንድሮው ብቻ ነው እንዴ? የአምናውም፣ የካቻምናውም ነው። ወደ ኋላ እየቆጠርኩ ስሄድ ስምንተኛው ዓመት ላይ ደረስኩ። ያን ዓመት በሩ ሊታደስ ሐይቁ በዚሁ ወር ወርዶ ነበር፤ በእኔው ዜሮ። በቀጣዩ ብርድ ከዘጠኝ መቶ ዳክዬ አምስት መቶ ስልሳ ብቻ ቆጠርኩ። ሪፖርቴ ላይ «የጉዞ መስመራቸውን ሳይቀይሩ አልቀሩም» ብዬ ጻፍኩ፤ ስብሰባ ላይ አንብቤው ተጨበጨበልኝ።

ቅስሜ ስብር አለ። ቢሆንም ጻፍኩ፤ የዘንድሮውን ብቻ ሳይሆን የሃያ ሁለቱንም ዓመት የዚህን ወር ቁጥር ማንም እንዳይተማመንበት ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ኢንጅነሩ አነበበው። «ይሄን ሁሉ አልጠየቅኩሽም» አለኝ ቀስ ብሎ።

«አውቃለሁ። ዝጋው።»

በሩ ሲዘጋ የውሃው ድምፅ ቀጥ አለ። መንደሩም ያን ጸጥታ ሳይሰማ አልቀረም፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ እህቴ ግድቡ ላይ ቆማለች፣ ነጠላ ጫማዋ በጓሮዋ ጭቃ ተለውሶ።

«ማነው ያዘጋው?»

«እኔ ነኝ» አልኳት።

ነገሩን ስትሰማ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «እትዬ፣ ከእኔ ልጆችና ከዳክዬ ማንኛው ይበልጥብሻል?»

«የአንቺ ልጆች።»

«እና?»

«እና እስከ አሥር ሰዓት ስጪኝ። የፈረምኩት እኔ ነኝ። የእኔ ጥፋት ነው፤ ቢያንስ ልሞክር።»

ባሏን አየችው፣ ሄልሜቱ ውስጥ ያለውን አየች። «አሥር ሰዓት ካለፈ በሩን የማዞረው እኔ ነኝ» አለች፤ እሷ ደግሞ ያለችውን ታደርጋለች።

ጣውላዎቹ ሰባት ነበሩ፤ ሁለቱ በስብሰዋል። ኢንጅነሩ ከማሽኑ ሠራተኞች አራቱን ይዞ የመጋዘኑን በር አውልቆ ቆረጠው። አሸዋ በጆንያ ተሞላ። ይህ ሁሉ ሲሆን ስድስት ሰዓት አለፈ። እኔና ጋሼ መፍቻ ሆዷ ጠፍጣፋ የሆነችውን የአረም ጀልባ ይዘን ወደ ደቡቡ ሸምበቆ ገባን። ሃያ ሁለት ዓመት ከሩቅ ያየሁት ሸምበቆ ነው፤ ውስጡ ገብቼ አላውቅም ነበር።

ውስጡ ጨለም ያለ፣ የሚወብቅ፣ የበሰበሰ ሣር የሚሸት ነው። ውሃው ላይ ላባ ተኝቷል፤ በየጥጉ፣ በየሥሩ፣ ጀልባዋ ስታልፍ ወዲህና ወዲያ ይላል። ይህን ሁሉ ዓመት እዚህ ነበር። አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ እግሩን ማርጠብ ነበረበት እንጂ ሌላ ምንም አይጠይቅም ነበር። በራሴ ቆሽቴ አረረ።

«ቀስ» አሉኝ ጋሼ መፍቻ። «ካስደነገጥሻቸው ይጠልቃሉ። ከጠለቁ አረሙ እግራቸውን ይይዝና እዛው ይቀራሉ። ውሃውን በመቅዘፊያው ጀርባ መታ፣ ዝም። መታ፣ ዝም።»

መታሁ፣ ዝም አልኩ። ለረጅም ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ ከፊታችን ሸምበቆው ተንቀሳቀሰ፣ ግን ነፋስ አልነበረም። አንድ ቡናማ ጀርባ ታየኝ። ሁለት። ከዚያ በየሸምበቆው መሃል ነጫጭ ዓይኖች። ድምፅ አያሰሙም፤ እርስ በርስ እየተገፋፉ ከፊታችን ይሸሻሉ። እጄ መቅዘፊያውን ለመወርወር ይዳዳው ነበር፤ ደስታ ይሁን ፍርሃት አላውቅም።

ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ገላጣው ውሃ አወጣናቸው። ከባዱ እሱ ነበር። ከሸምበቆው እስከ ኩሬው ክፍተት አራት መቶ ሜትር መሸሸጊያ የሌለው ውሃ ነው፤ ክንፍ የሌለው ዳክዬ ደግሞ ገላጣ ቦታ እንደ ሞት ይፈራል። መሃል ላይ ሲደርሱ አንድ ሠራተኛ ክትሩ ላይ ጆንያ ጣለ፣ ጧ አለ። የፊተኞቹ ዞሩ። ጠቅላላው መንጋ ወደ እኛ ተመለሰ፤ ክንፍ የነበረውን ጉቶ ውሃው ላይ እየደበደበ፣ በጀልባዋ ግራና ቀኝ አልፎ ሸምበቆው ውስጥ ጠፋ። አንዳንዱ ጠለቀ። ሲወጣ ያየሁትም አለ፣ ያላየሁትም አለ።

«እንደገና» አሉ ጋሼ መፍቻ።

«ሰዓቱ አይበቃንም።»

«እንደገና ነው የምልሽ።»

ሁለተኛው ዙር ሲጀመር ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረው። ክትሩ ላይ ሁሉም ሰው ተቀምጧል፤ ኢንጅነሩ ሠራተኞቹን አንድ ጣት እንዳያንቀሳቅሱ አዟቸዋል። ከጭቃው ዳር ደግሞ አንዲት ሴት የጭቃ ጓል እየሰበሰበች ውሾቹን ትወግራለች። አተኩሬ አየሁ፤ እህቴ ናት። ከእኔ በተሻለ ትመታለች። በአጠገቧ ስናልፍ «ለዳክዬ ብዬ እንዳይመስልሽ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ውሻ ስለምፈራ ነው።»

መታ፣ ዝም። መታ፣ ዝም። መንጋው በአንድ ላይ ተጠጋግቶ በቀስታ ወደ ክፍተቱ ሄደ። ክፍተቱ አፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፣ ልጠርገው አልደፈርኩም። ጋሼ መፍቻ ጀልባዋን እንኳ አላንቀሳቀሱም፤ መቅዘፊያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ዝም ብለው ተቀመጡ። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። አንዱ ወንድ አንገቱን አስግጎ ወደ ኩሬው ሸምበቆ አየ፣ ገባ። ሌላው ተከተለው።

ግራ እጄ ኪሴ ገብታ መቁጠሪያዋን እንዳወጣች ያወቅኩት ጠቅ ሲል ነው። ክፍተቱ ጠባብ ስለሆነ ሁለት ሁለት እየሆኑ ነበር የሚገቡት። እንደዚያ ያለ ቆጠራ ቆጥሬ አላውቅም። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። የመጨረሻዋ ሴት ዳክዬ ስታልፍ መቁጠሪያዋ መቶ ሰማንያ ስድስት ትል ነበር። ኢንጅነሩ ሄልሜቱን ይዞ እስከ ጉልበቱ ውሃው ውስጥ ገባና ባለ ስብራቱን ቀስ አድርጎ ለቀቀው።

«ይሄም ይቆጠራል?»

«ይቆጠራል» አልኩት። መቶ ሰማንያ ሰባት።

ጣውላው ገባ፣ ጆንያው ተደረደረ፣ ጭቃ ተለሰነበት። አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ እህቴ ያለችውን አደረገች፤ በሩን ከጋሼ መፍቻ ጋር ሆና አዞረችው። ውሃው መውረድ ጀመረ። ኩሬው ባለበት ቀረ።

ሁሉም ሲሄዱ እኔና ጋሼ መፍቻ ክትሩ ላይ ተቀመጥን። እጃችንም ልብሳችንም ጭቃ ነው። ጠዋት ያቋረጥኳቸውን ነገር አልረሳሁትም ነበር።

«‹አንዴም ልነግርሽ› ሲሉኝ አላስጨረስኩዎትም» አልኩ።

«ኧረ ቆየ እኮ፣ ተይው።»

«ይንገሩኝ።»

መፍቻቸውን ከትከሻቸው አውርደው አጠገባቸው አስቀመጡ። «በሩ የታደሰ ጊዜ ነው፣ ስምንት ዓመት ይሆነዋል። ውሃው ሲወርድ ፍርግርጉ ላይ ላባ ብቻ አልመጣም። እነሱም መጡ። በመንሽ ነበር የማወጣቸው። አንዳንዱ በሕይወት ነበር፣ ምን እንደማደርገው አላውቅም ነበር። መቼም እሷ ቁጥር ትወዳለች ብዬ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ መስመር እያሰመርኩ ቆጠርኳቸው። ይዤልሽ መጣሁ።»

አስታወስኩ። ሳይነግሩኝ በፊት አስታወስኩ። ቢሮዬ በር ላይ ቆብ በአንድ እጃቸው፣ የታጠፈ ቡናማ ወረቀት በሌላው። ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣ ሰው አጠገቤ ነበር። ከወረቀቴ ቀና ሳልል «ጋሼ፣ እርስዎ ፍርግርጉን ይጥረጉ፣ ቁጥሩን ለእኔ ይተዉልኝ» አልኳቸው፣ በቀልድ አስመስዬ። ሰውየው ሳቀ። እሳቸውም ፈገግ ብለው ወጡ። ፊት እንደነሳኋቸው እንኳ አልገባኝም ነበር፤ ሥራ የበዛብኝ ሰው መስዬ ነበር ለራሴ የታየሁት።

«ስንት ነበሩ?» አልኩ።

«ሁለት መቶ አሥራ አራት።» ሳያስቡ ነው የመለሱልኝ። «ውሻ የበላውን አልጨመርኩም። እሱን አላየሁትም።»

አለቀስኩ። እሳቸው ወደ ኩሬው እያዩ ጠበቁኝ፤ አይዞሽም አላሉኝም፣ ምን አገባኝም ብለው አልተነሱም።

በማግስቱ ቢሮዬ ጠራኋቸውና ወንበር ሰጠኋቸው። የዛሬ ስምንት ዓመቱን መዝገብ አውጥቼ ያን ወር ገለጥኩ። ዜሮዬ ክብ ሆና ተቀምጣለች። አልሰረዝኳትም፤ ሰው ይያት። ከጎኗ ሁለት መቶ አሥራ አራት ብዬ ጻፍኩ፣ ፍርግርጉ ላይ የተገኙ ብዬ ጨመርኩ። ከሥሩ «የቆጠረው ሰው ሙሉ ስም» የሚል ባዶ መስመር አለ። እዚያ ላይ ስደርስ ብዕሬን ይዤ ቀረሁ።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ ከአንገቴ ቀና ማለት አቅቶኝ፣ «ስምዎን ማን ልበል?»

ሃያ ሁለት ዓመት ነው አብረን የሠራነው። ጉሮሯቸውን ጠረጉና ስማቸውን ነገሩኝ፤ ብዕሬን እየጠበቁ፣ ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው። በዚያው በማይለቀው ሰማያዊ ቀለም ጻፍኩት።